ዝቅ ባለች መኪና ወደ ፒያሳ

እናቴ መኪናችን ውስጥ የምትገባበት የራሷ ሥርዓት አላት። መጀመሪያ ጀርባዋን ትሰጣለች፣ ቀጥላ ቁጭ ትላለች፣ በመጨረሻ እግሮቿን አንድ በአንድ አንስታ ታስገባለች። ሰማንያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ እንደ ልብ አይታዘዛትም። ባለፈው ጥቅምት 23 ቀን ጠዋት ግን ቁጭ ልትል ስትል ወንበሩ ከጠበቀችው በታች ሆኖ አገኘችው። «በስመ አብ! ጉድጓድ ውስጥ ነው እንዴ የምታስገቡኝ?» አለች። መሪ የያዘው ልጄ አንገቱን ደፋ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መኪናዋ በ1988 ዓ.ም. ያገለገለች ሆና የገዛኋት ቶዮታ ዲኤክስ ናት። ልጆቼን ትምህርት ቤት አመላልሳለች፣ ለቅሶና ሠርግ አድርሳለች። ልጄ ሥራ ሲጀምር ቁልፉን ሰጠሁት። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት ከተከለከለ በኋላ አሮጌ መኪና የሚናቅ ነገር አይደለም፤ ደስ ብሎት ተቀበለኝ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ወስዶ ዝቅ አስደረጋት። ስመለከታት ጎማዎቹ ፓራፋንጎው ውስጥ ተደብቀዋል። «አባዬ፣ አሁን ገና አራዳ ሆነች!» አለኝ። ምን እንደተደረገ ስጠይቀው ሞላዎቹን እንዳስቆረጣቸው ነገረኝ።

እናቴ ዶሮ ማነቂያ ውስጥ ሃምሳ ዓመት ያህል ኖራለች። በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ አያት አካባቢ ወዳለ ኮንዶሚኒየም መጣች። ቤቱ ጥሩ ነው፤ ውኃም መብራትም አለው። እሷ ግን ወር በገባ በ23 አራዳ ጊዮርጊስን ሳትሳለም መዋል አትችልም። አውቶቡስ ተሳፍራ፣ ታክሲ ቀይራ መሄድ ከአቅሟ በላይ ሆኗል። ስለዚህ ዲኤክሷ ለእኛ ቤት መኪና ብቻ አይደለችም፤ እናቴን ከሃምሳ ዓመት ሕይወቷ ጋር የምታገናኝ ድልድይ ናት።

የዚያን ዕለት ጉዞ ገና ከግቢው ኮብልስቶን ሳንወጣ አስቸገረን። እያንዳንዱ ድንጋይ ወገባችን ላይ ይቆጠር ነበር። የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ በመጣ ቁጥር ልጄ መኪናዋን ሰያፍ አድርጎ፣ አንድ ጎማ ካንድ ጎማ እያስቀደመ ያሳልፋታል፤ እንዲያም ሆኖ ሆዷ ይፋቃል። በመገናኛና በቀበና አድርገን አራት ኪሎ ደረስን። ከዚያ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁል ወርደን ወደ ፒያሳ ዳገቱን ስንይዝ፣ ከኋላ «ቋ» የሚል ድምፅ በተሰማ ቁጥር እናቴ እጇን ወገቧ ላይ ታደርጋለች። አንድም ቃል አልተናገረችም። ተሳልማ ስንመለስ ግን ቀስ ብላ «የሚቀጥለውን ወር እዚያው ሰፈራችን ካለው ቤተ ክርስቲያን ብሳለምስ? እሱም ያው የእግዚአብሔር ቤት ነው» አለች። ልጄ በመስታወት አየኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ ሁለታችንም ገብቶናል።

በማግስቱ ከአራዳ ብዙም ሳይርቅ ወደሚሠራ አንድ የድሮ መካኒክ ይዤው ሄድኩ። የጋራዥ ቋንቋ የፒያሳ ዘመድ መሆኑን አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ፒያሳ የሚለው ስም ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ፣ አደባባይ ማለት ነው። ሞላ፣ ባሌስትራ፣ አሞርዛተር፣ ጎሚኒ፣ ማርሚታ፣ ፍሬን፣ ሁሉም በዚያው መንገድ የገቡ ናቸው። የመጀመሪያዋ መኪና አዲስ አበባን የረገጠችው በ1900 ዓ.ም. ገደማ፣ በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው። ያኔ አራዳ የከተማዋ ትልቁ ገበያ ነበር፤ መርካቶ ገና አልተቋቋመም። ከዚያ ወዲህ የአራዳ ሰው መኪናን ከነአጠራሩ የራሱ አድርጎታል።

መካኒኩ መኪናዋን በክሪክ አንስቶ ተመለከተና ልጄን ወደ ጎማው ጠራው። «ሞላና አሞርዛተር አንድ ሥራ የሚሠሩ ይመስልሃል?» ብሎ ጠየቀው። አይደሉም። ሞላ ሸክሙን ይይዛል፤ ጉድጓድ ሲያጋጥም ይጨመቃል፣ መልሶ ይዘረጋል። ብቻውን ቢተው መኪናዋ እንደ ፍራሽ ስትዘል ትውላለች። ያንን ዝላይ የሚያበርደው አሞርዛተር ነው፤ ውስጡ ያለው ዘይት በጠባብ ቀዳዳ እያለፈ እንቅስቃሴውን ይገታል። ሁለቱ ተመዛዝነው ካልተመረጡ አንዱ ሌላውን ያበላሸዋል።

የተቆረጠ ሞላ ጉዳቱ ቁመቱ ማጠሩ ብቻ አይደለም። የሞላ ጥንካሬ ከሚሠሩት ቀለበቶች ብዛት ጋር ተቃራኒ ነው። ስምንት ቀለበት የሚሠራ ሞላ ሁለቱ ቢቆረጡ፣ የቀረው ስድስት ቀድሞ ከነበረው በአንድ ሦስተኛ ይጠነክራል። በዚያ ላይ ጎማው ወደ ላይ የሚንቀሳቀስበት ቦታ ይጠባል። አሞርዛተሩ ግን የተሠራው ለድሮው ቁመት ነው፤ ሁልጊዜ ተጨምቆ ስለሚውል ትንሽ ጉብታ ሲያጋጥም ዘንጉ መጨረሻ ላይ ካለው ላስቲክ ጋር ይጋጫል። እናቴን ወገቧ ላይ የመታት «ቋ» ይህ ነበር። ከሁሉ የሚያስፈራው ደግሞ ሌላ ነው፤ ያጠረ ሞላ ጎማው ወደ ታች ሲንጠለጠል ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል። በችቦ እሳት አሙቀው የሚያስረግጡም አሉ፤ እሳቱ የብረቱን ጥንካሬ ስለሚገድለው ሞላው ቀስ በቀስ ይሰምጣል ወይም ይሰበራል።

ይህን ስሰማ ቁጣዬ መጣ። «እንደ ድሮዋ መልሳት፤ ሌላ ነገር አልሰማም» አልኩ። ልጄ መልስ አልሰጠም፤ ፊቱ ግን ጠቆረ። ማታ ለእናቴ ስነግራት ያልጠበቅሁትን አለች። «ልጁ የወደደውን ለምን ታሳጣዋለህ? ወገቤን አትምታኝ በለው እንጂ መኪናህን አትውደድ አትበለው። አንተስ ጎፈሬህን ስታበጥር ውለህ ስትመጣ አባትህ መቀስ ይዞ አሳዶህ አልነበረም?» አፌን ያዝኩ።

ስለዚህ በሳምንቱ ሦስታችንም ተያይዘን ሄድን። መካኒኩ እናቴን ከኋላ አስቀመጣት፣ እኔን አጠገቧ፣ ልጄን ከፊት። ከዚያ ከጎማው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ለካ። ልጄ መኪናዋን ሳያስቆርጥ በፊት ሰው ሳይጫንባት 38 ሳንቲ ሜትር እንደነበረች ለክቶ ይዞ ነበር፤ አሁን ባዶዋን 30፣ በእኛ ጭነት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። «ባዶዋን እያያችሁ አትምረጡ፤ የምትመርጡት ቤተሰቡ ተቀምጦባት ነው» አለን።

አማራጮቹን አንድ በአንድ አስረዳን። አንደኛው ወደ ፋብሪካው ቁመት መመለስ ነው፤ ርካሽ፣ ምቹና ለጉድጓድ የማይበገር ነው። ሁለተኛው ለዚሁ መኪና ታስበው የተሠሩ አጠር ያሉ ሞላዎችን፣ ከእነሱ ጋር ከሚመጣጠን አሞርዛተር ጋር ማስገባት ነው፤ ከሦስት እስከ አራት ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያደርጋል። ሦስተኛው ሞላና አሞርዛተሩ አንድ ላይ ሆነው ቁመታቸው በክር የሚስተካከለው ዓይነት ነው፤ ጥሩው ውድ ነው፣ ርካሹ ደግሞ ድርቅ ያለ ሆኖ አቧራና ጭቃ ሲገባበት ክሩ ይነክሳል። አራተኛው በአየር የሚነሳና የሚወርድ ነው፤ ኮምፕረሰሩና ቱቦው ሲበላሽ መለዋወጫ ፍለጋ መንከራተት አለ።

ልጄ ሦስተኛውን ፈልጎ ነበር። መካኒኩ ሳይቆጣ፣ የፊት እግሩን የሚይዘውን ክንድ አሳየው። በደህናው ቁመት ክንዱ ከሰውነቷ ወደ ጎማው ትንሽ ዝቅ ብሎ ይወርዳል። ከመጠን በላይ ስትወርድ ክንዱ ተገልብጦ ወደ ላይ ያዘነብላል፤ ያኔ መኪናዋ በጠመዝማዛ ላይ ትረጋለች ሲባል ጭራሽ የበለጠ ታጋድላለች። ዝቅ ማለት ሁልጊዜ መርጋት አይደለም ማለት ነው። ልጄ ረጅም ጊዜ ክንዱን ሲመለከት ቆየና «እሺ፣ ሁለተኛው ይሁን» አለ። ለአዲስ ቸርኬ ያጠራቀመውን ገንዘብ ለዚህ አዋለው። ሞላዎቹን ከዱባይ የሚመጣ ጓደኛው ይዞለት መጣ።

ሶማሌ ተራ ወርደን ርካሽ አሞርዛተር እንፈልግ ብዬ ነበር። ያገለገለ በር፣ መስታወት፣ መብራት ከዚያ ቢገዛ ችግር የለውም፤ ያገለገለ አሞርዛተር ግን ውስጡ አይታይም ተባልኩ። ስለዚህ አራቱንም አዲስ ገዛን። መካኒኩ ያረጁትን ጎሚኒዎች አብሮ ለወጠ፤ እነሱ ካልተለወጡ አዲሱ ዕቃ ይንቋቋል። የፍሬን ቱቦዎቹ የትም እንደማይጎተቱ፣ ጎማው መሪ እስከ ጥግ ሲዞር ፓራፋንጎውን እንደማይነካ አረጋገጠ። በመጨረሻ አላይመንት አሠራን። መኪና ዝቅ ስትል ጎማዎቹ ከላይ ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ፤ ሳይስተካከል ከተነዳ የውስጥ ጠርዛቸው በጥቂት ወራት ተበልቶ ያልቃል። የፊት መብራቱም ተስተካከለ፤ የመኪናዋ አቀማመጥ ሲለወጥ ብርሃኑም አቅጣጫውን ይለውጣል። አሁን ቁመቷ ሲለካ 34 ተኩል ሳንቲ ሜትር ሆነ። ከድሮው በሦስት ተኩል ዝቅ ብላለች።

ልጆቻችሁ ይህን ዓይነት ነገር ያማራቸው ወላጆች ካላችሁ አንድ ቀላል መፈተሻ ልስጣችሁ። የመኪናዋን አንድ ማዕዘን በሁለት እጃችሁ ወደ ታች ገፍታችሁ ልቀቁት። አንዴ ተነስታ ከረጋች ደህና ናት። ሁለት ሦስቴ ከተወዛወዘች አሞርዛተሩ አርጅቷል። ጨርሶ አልንቀሳቀስም ካለች ደግሞ ሞላው ከመጠን በላይ ጠንክሯል፣ ወይም መጨረሻው ላይ ደርሷል። ገንዘብ ሳትከፍሉ፣ ባለሙያ ሳትጠሩ፣ ከልጃችሁ ጋር ደጃፍ ላይ ቆማችሁ የምታደርጉት ነው።

ኅዳር 23 ደረሰ። ያ የግቢያችን ኮብልስቶን ላይ ስንደርስ ትንፋሼን ይዤ እናቴን አየኋት። መቁጠሪያዋን እያንከባለለች በመስኮት ታያለች፤ እጇ ወገቧ ላይ የለም። ጉብታዎቹን በቀጥታ፣ በዝግታ አለፍናቸው። ከራስ መኮንን ድልድይ ዳገቱን ወጥተን በደጎል አደባባይ በኩል፣ በወርቅ ቤቶቹ አጠገብ አልፈን አፄ ምኒልክ በፈረሳቸው ላይ ወዳሉበት አደባባይ ደረስን። ከሐውልቱ ማዶ በየካቲት 2016 የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ሙዚየም ተዘርግቷል። ስምንት ማዕዘኑ ጊዮርጊስ ግን እንደ ድሮው ከዛፎቹ መሐል ነው። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ የልጅ ልጇን ክንድ ይዛ ገባች። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ።

ስትመለስ «በሰፈሬ በኩል አሳልፉኝ» አለች። ሁለታችንም ፈራን፤ እንሂድ ብለን ግን ሄድን። መንገዱ ሰፍቷል፣ አስፋልቱ አዲስ ነው፣ የእግረኛው መሄጃ ከድሮው ጎዳና ይሰፋል። ምልክት የሚሆን አጥር፣ የሚያውቁት ሱቅ የለም። ልጄ በጣም በዝግታ ይነዳል። እናቴ ዓይኗን ጨፈነች። ምን ሆነች ብዬ ልጠይቅ ስል መኪናዋ በትንሹ ቁልቁል አዘነበለችና «እዚህ ጋ ቁም» አለች። «ቁልቁለቱ የሚጀምረው ከበራችን ፊት ነበር። ሸክም ይዤ ስመጣ እዚህ ጋ ነው እግሬ የሚያርፈው።» መሬቱን በዓይኗ ሳይሆን በወንበሩ ለየችው። ባለፈው ወር ቢሆን ኖሮ ከድብደባው በስተቀር ምንም ባልተሰማት ነበር።

ጥቂት ቆምን። ከኋላችን ያለ ሾፌር ጥሩንባ ነፋ፤ ልጄ እጁን አውጥቶ ይቅርታ ጠየቀ። በእኔ ዘመን የአራዳ ልጅ ማለት ሳይነግሩት የሚገባው፣ ሰውን የሚያውቅ ማለት ነበር። ይህን ልነግረው አስቤ ተውኩት።

ቤት ስንደርስ እናቴ እግሮቿን አንድ በአንድ አውጥታ ቆመች። በሩን ከመዝጋቷ በፊት ወደ ውስጥ ጎንበስ ብላ ልጄን ጠየቀችው፦

«የታኅሣሡ 23 ስንት ሰዓት ነው የምትመጣልኝ?»