ክኒኑ አለቀ እንጂ ግፊቱ አላለቀም

ወላጆቻችሁ ዓለም ከተማ ወይም ዙሪያዋ ባለው ገጠር የሚኖሩ፣ እናንተ ግን አዲስ አበባ ወይም ባሕር ማዶ ያላችሁ የመርሐቤቴ ልጆች፣ ይህ ለእናንተ ነው።

ስትደውሉ የምትጠይቁትን አውቀዋለሁ፤ እኔም የምጠይቀው ያንኑ ነው። ጉልበት ይጠየቃል፣ ዓይን ይጠየቃል፣ ወገብ ይጠየቃል። የደም ግፊት የሚነሣው ግን አንድ ሰው ድንገት ወድቆ ለቅሶ የተደረሰ ሰሞን ብቻ ነው። ሰልስቱ ሲያልፍ ወሬውም ያልፋል።

የአገራችን ሽማግሌ ልቡ ብርቱ ነው ብለን እናምናለን። መሠረት የለውም አልልም። ጀማን ወርዶ የወጣ፣ ቀኑን ሙሉ ሞፈር ጨብጦ የዋለ፣ የዐቢይን ጾም 55 ቀን ሥጋና ቅቤ ሳይቀምስ እየሰገደ የከረመ ሰው ልቡ በደንብ ሠርቷል። ነገሩ የሚለወጠው ያ ሰው መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥቶ ከተማ ሲገባ ነው። መንገዱ ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን፣ ከዚያ እስከ ዕድር ድንኳን ይሆናል። ገበታው ግን አይቀንስም፤ እንዲያውም እኛ በላክነው ብር ይደምቃል። ስኳሩ ይጨመራል፤ የሚረጋው የፓልም ዘይት በጀሪካን ይገባል። ከዚህ ዘይት ግማሽ ያህሉ ከቅቤ ስብ ጋር የሚመደብ ነው። ነፍስ ጾማለች፤ የደም ሥር ግን አልጾመም።

ዕድሜ ሲገፋ ደግሞ የደም ሥር መለጠጡን ትቶ ይጠነክራል። በቀን መቶ ሺህ ጊዜ ያህል የሚመታው ልብ ደሙን በዚያ በጠነከረ ሥር ለመግፋት ይታገላል፤ ጡንቻው ይወፍራል፣ ቆይቶም ይደክማል። ታዲያ ይህ ሁሉ ለዓመታት ሳያም ነው የሚሄደው። 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ደጋግሞ የተገኘ ሰው ግፊት አለበት ይባላል፤ ራሱን ባያመውም። ዳገት ሲወጡ ትንፋሽ ማጠር፣ ማታ እግር ማበጥ፣ ትራስ ካልተደራረበ መተኛት አለመቻል የሚመጡት ልብ ከደከመ በኋላ ነው። ያኔም «እርጅና ነው» ይባላል። ደረት ሲጨንቅ «ጨጓራ ነው»፣ አፍ ጠመም ብሎ ምላስ ሲተሳሰር «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ይጨመቃል። ሆስፒታል መድረስ የሚገባባቸው ሰዓታት እንዲህ ያልቃሉ።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን የክኒኑ ነገር ነው። ተለክተው፣ ግፊት እንዳለባቸው ተነግሯቸው፣ ኤናላፕሪል ወይም አምሎዲፒን ተሰጥቷቸው፣ ወሩ ሲያልቅ የሚያቆሙት ብዙ ናቸው። «አሁንማ ተሽሎኛል» ይላሉ። አልፈርድባቸውም። የወባ መድኃኒት ያልቃል፣ የሳንባ ምች መድኃኒት ያልቃል፤ ሰውም ይድናል። መድኃኒትን የሚያውቁት በዚህ መልኩ ነው። የግፊት ክኒን ግን ግፊቱን ይዞ ያቆያል እንጂ አያስወጣውም፤ ሲተዉት ተመልሶ ይወጣል። ይህን ቀስ ብሎ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሞ የሚያስረዳቸው ሰው ያስፈልጋል። ተረኛ በሞላበት ኮሪደር ያለ ባለሙያ ለዚህ ጊዜ የለውም፤ ልጅ ግን አለው።

ጾምና ጸበልም አብረው ይነሣሉ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾሙ እናት የጠዋቱን ክኒን ከመዝለል ይልቅ ሰዓቱን ወደ ማታ ማዞር ይችሉ እንደሆነ ሐኪማቸውን ይጠይቁ፤ ለብዙ ሰው ይቻላል። ጸበልን በተመለከተ፣ በኤችአይቪው ዘመን ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው ጸበልና መድኃኒት አይጣሉም ብለው በይፋ አስተምረዋል። ለቫይረሱ የሠራ ለግፊት የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

ጨውን በአጭሩ ልለፈው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። በርበሬው ሲሰናዳ ጨው ይገባበታል፣ ወጡ ሲሠራ ይጨመራል፣ ቡና በጨው የሚጠጣበት ቤትም አለ። መቀነስ የሚቻለው ወጥ ከሚሠራው ሰው ጋር ሲመከር ነው እንጂ አባትን ብቻ በመቆጣት አይደለም።

ሩቅ መሄድ ደግሞ አያስፈልግም። በ1974 ዓ.ም. የተመሠረተው የካርል ሃይንዝ በም ድርጅት ያሠራው እናት ሆስፒታል እዚያው ዓለም ከተማ ነው። ገጠር ላሉትም ጤና ጣቢያ አለ። ግፊት መለካት ደቂቃዎች ይበቁታል። ብቻ ዳገት ወጥተው እንደደረሱ፣ ወይም ቡና ጠጥተው ወዲያው አይለኩ፤ አምስት ደቂቃ ተደግፈው ይቀመጡ።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ስትደውሉ «ደህና ነሽ ወይ፣ እማዬ?» ብላችሁ አታቁሙ። «ግፊትሽ ስንት ሆነ? ክኒኑ ስንት ቀረሽ?» በሉ። ቁጥሩን ጻፉት፤ በሚቀጥለው ወርም ጠይቁና አስተያዩት። ባሕር ማዶ ያላችሁ፣ ወደ አገር ቤት የሚመጣ ሰው ስታገኙ ከጫማውና ከሽቶው ጋር በክንድ ላይ የሚታሰር አንድ የግፊት መለኪያ ላኩ፤ የእጅ አንጓውን ዓይነት ሳይሆን። ትርፍ ባትሪም ጨምሩበት።