የእናቴን ቁጥር አላውቀውም ነበር



በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስት ልጆች በውስጥ መስመር «ወንድሜ፣ ለመንገድ የትኛው ስልክ ይሻላል?» ብለው ጠየቁኝ። ባትሪው የሚቆይ ነዋ! ግን ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ስልካችሁን ሳታዩ የእናታችሁን ቁጥር በቃላችሁ በሉልኝ።

አልቻላችሁም አይደል? እኔም አልቻልኩም ነበር።

ካርቱም አል-ሳሃፋ የኖራችሁ ታውቁታላችሁ። ከእንጀራ በፊት ረሲድ ነበር የምንገዛው። ማታ ከሥራ ስንገባ በአንድ ክፍል ስድስት ሆነን፣ ሁሉም በየጥጉ ኢሞ ከፍቶ ከቤተሰቡ ጋር ያወራል። ሲሙ እንኳ በስማችን አልነበረም። የኔ የወጣው በአንድ ሱዳናዊ ጎረቤቴ መታወቂያ ነው።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ጦርነቱ ሲጀመር ቅዳሜ ነበር፤ የፋሲካ ዋዜማ። «እንኳን አደረሳችሁ» ሊሉን የሚደውሉት ዘመዶች «አላችሁ ወይ?» ይሉን ጀመር። መብራት ጠፋ። ስልኬን በቀን አሥር ደቂቃ ብቻ እየከፈትኩ ሰነበትኩ።

ከተማውን ለቀን ስንወጣ አንድ ኬላ ላይ የታጠቁ ሰዎች አውቶቡሱን አስቆሙት። ስልክ የያዘ ሁሉ አስረከበ። ነፍሴ ተርፋለች ብዬ ተመስገን አልኩ። የደነገጥኩት ወድ መደኒ ስደርስ ነው። አንድ ደግ ሰው «እንካ፣ ቤተሰብህ ጋ ደውል» ብሎ ስልኩን ሰጠኝ። 251 ብዬ ጻፍኩ። 9 ጨመርኩ። ከዚያ በኋላ ባዶ። ለዓመታት በየሳምንቱ የደወልኩበትን ቁጥር አላውቀውም። እኔ የማውቀው «እማዬ» የሚለውን ጽሑፍ ብቻ ነበር።

ፌስቡክ ልክፈት ስል ኮዱ የሚላከው በተወሰደው ሲም ነው። ሲሙን መልሼ ላውጣ ብል በስሜ አይደለም። 41 ቀን እንዲሁ አለፈ።

ያዳነችኝ ሳሃፋ ቡና ታፈላልን የነበረች እህታችን ናት። ተፈናቃዮች በሰፈሩበት ትምህርት ቤት ውስጥ አገኘኋት። ገና ሳየኝ «ደውለሃል?» አለችኝ። የሆነውን ስነግራት ከሻንጣዋ አንድ ያረጀ ደብተር አወጣች። በግንቦት 2011 ካርቱም ውስጥ ተቃዋሚዎቹ ከተበተኑ በኋላ ኢንተርኔት ከወር በላይ ሲዘጋ ትዝ ይላችኋል? ያኔ ቀጥታ ስልክ ይሠራ ነበር፤ በኢሞ ብቻ ይገናኙ የነበሩ ልጆች ግን ቁጥር አልነበራቸውም። እሷም ከዚያ ወዲህ ቡና የሚጠጣውን ደንበኛ ሁሉ የቤተሰቡን ቁጥር እየጠየቀች በእጇ ትጽፍ ነበር። እኔ እየሳቅኩ እንዳስጻፍኳት ረስቼዋለሁ። እሷ አልጣለችውም።

ደወልኩ። እናቴ «ማን ልበል?» አለች። «እማ» አልኩ። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ለቅሶ ብቻ ሆንን።

ኋላ ታናሽ እህቴ የነገረችኝ ግን እስከ ዛሬ ያመኛል። ስልኬ ከተወሰደ በሳምንቱ አንድ አማርኛ የሚናገር ሰው እቤት ደውሎ «ልጅሽን ይዘነዋል፣ ብር ላኪ» ብሏታል። እኔ በቃሌ ያልያዝኩትን ቁጥር ሌባው አገኘው። «እማዬ» ብዬ ጽፌ፣ ስልኩንም ሳልቆልፍ አስረክቤዋለሁ! አጎቴ በሬ ሊሸጥ ነበር። እናቴ «መጀመሪያ ድምፁን አሰማኝ» ብትለው ስልኩን ዘጋ። ጎረቤት ለቅሶ ይቀመጥ ሲልም እምቢ አለች። «የተዘጋው ስልኩ ነው፤ ልጄ አይደለም» አለቻቸው።

ወገኖቼ፣ ይሄ አንድ ጊዜ ደርሶ የሚቀር ነገር አይደለም። በዚያው ዓመት ክረምት አማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። በጥር 2016 መጨረሻ ደግሞ ሱዳን ውስጥ የዜይን፣ የሱዳኒና የኤምቲኤን ኔትወርክ ተቋረጠ። ስታርሊንክ ያለው ሰው ጋ እየተሰለፉ በሰዓት ከፍሎ መጠቀም መጣ። በዚያ ሁሉ ጊዜ እናቴ አልደነገጠችም፤ አስቀድመን ተነጋግረን ነበርና። ስለዚህ እባካችሁ፦

አንድ ቁጥር በቃላችሁ ያዙ። አንድ ብቻ! ማታ ማታ እንደ ጸሎት ድገሙት።

ሁለት ሦስት ቁጥር ከነ 251ዱ በወረቀት ጽፋችሁ ከልብስ ጋር ስፉት። ስም አትጻፉበት።

ስልካችሁን ቆልፉ። «እማዬ»፣ «አባዬ»፣ «አሜሪካ ያለው ወንድሜ» ብላችሁ አትመዝግቡ። የምትወዱትን ሰው ለአጋች እየጠቆማችሁ ነው።

ከቤተሰብ ጋር ሌላ ሰው የማያውቀው አንድ ቃል ተስማሙ። ያንን ቃል ካልሰሙ ማንም ቢደውል ቶሎ ብር እንዳይልኩ።

ከመንገድ በፊት ደግሞ ይህን ንገሯቸው፦ «ዝም ብል ኔትወርክ ነው ብላችሁ ጠብቁኝ።»

አገር ቤት ያላችሁ እናቶችና አባቶች፣ እናንተም ቁጥር አትቀይሩ። ቢጠፋባችሁ እንኳ ያንኑ ቁጥር ቴሌ ሄዳችሁ አስወጡት። አንድ ቦታ አንድ ልጅ ያንን ቁጥር ብቻ በቃሉ ይዞ ሊሆን ይችላል።

ደብተሯን የያዘችው እህቴ፣ ይህን የምታነቢ ከሆነ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናቴ በየጸሎቷ ስምሽን ትጠራለች።

አሁን ይህን ዝጉና ደውሉ። በስም ፈልጋችሁ ሳይሆን ቁጥሩን አንድ በአንድ እየነካችሁ።

ቸር ያሰማን።