ንፋስ ማን ይሸከም?

ከሚሴ ላይ ንፋስ ይሸጣል። ያላመነ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ጣርማበርን ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢትን፣ አጣዬንና ካራቆሬን አልፎ ይምጣና አስፋልቱ ዳር ካሉት ጎሚስታዎች አንዱ ጋ ይቁም። ሲኖትራኩ ይከፍላል፣ አይሱዙው ይከፍላል፣ ባጃጁ ተከራክሮ ይከፍላል። በነጻ የሚገኘው ንፋስ ከጨፋ ሜዳ የሚነሳው ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ በበጋ አቧራ ቀላቅሎ ስለሚመጣ ገዢ የለውም።

ይህን ንግድ ልብ ብዬ ማየት የጀመርኩት የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ለእረፍት መጥቶ ሻንጣውን በከፈተ ጊዜ ነው። ቤተሰቡ ሽቶና ጫማ ሲጠብቅ፣ ጫፍና ጫፉ ላይ የሚያብረቀርቅ ብረት ያለው የተጠቀለለ ጥቁር ቱቦ ወጣ። ለራሱ የገዛው ነው፤ ከሻንጣው ማውጣት ረስቶት ውቅያኖስ ተሻገረ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች አክስቴ።

«የፔይንትቦል ነው፣ እማ።»

ቦርከና ዳር ከብት ሲያግድ ያደገው ልጇ አሁን በእረፍት ቀኑ ጫካ እየገባ ከጎረቤቶቹ ጋር በቀለም ጥይት ይታኮሳል። ጥይቱ በጄላቲን የተለበጠ ቀለም ነው። ሲመታ ይፈርጣል፤ የተቀባ ሰው ከጨዋታው ይወጣል። ለሜዳው፣ ለጥይቱና ለንፋሱ ይከፈላል።

«ከፍለው ነው የሚተኮስባቸው?»

«አዎ።»

«እኛ ጋ በነጻ ነበር» አለችና ወደ ጀበናዋ ዞረች። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከተማችን ድረስ መጥቶ ስለነበር ቀልዱን ያስረዱኝ ያለ አልነበረም።

ጠመንጃው ግን አልመጣም። ልጁ ብልህ ነው። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ባለበት አገር፣ ጠመንጃ የሚመስል ነገር ይዞ «ይህ እኮ የሚተፋው ቀለም ነው» እያለ በየኬላው ለመማል አልፈለገም። ጀርባው ላይ ሲሊንደር አዝሎ፣ ከሲሊንደሩ ቱቦ ስቦ፣ ቱቦውን ከጠመንጃ ጋር አገናኝቶ ሰንበቴ ኬላ ላይ የሚደርስ ሰው የሚጠየቀውን ጥያቄ አስቡት። የቀለሙ ጉዳይ የሚነሳው መጨረሻ ላይ ነው። መታኮስ የሚፈልግ በ2013 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ወደተመረቀው እንጦጦ ፓርክ ይሂድ፤ እዚያ ፔይንትቦል ከዚፕላይንና ከፈረስ ግልቢያ ጋር ተሰልፎ ይጠብቀዋል።

ቱቦው ምን ይሠራል? የቀለም ጠመንጃ የሚተኩሰው በታመቀ ጋዝ ነው። ጋዙ ያለበት ሲሊንደር ብዙውን ጊዜ ከጠመንጃው ኋላ ይታሰርና ሰደፍ ይሆናል። ሲሊንደሩ ይከብዳል፤ ተኳሹም ቁጥቋጦ ሥር ተኝቶ አንዱን ክንዱን ከወዲሁ ይሸነፋል። ስለዚህ ሲሊንደሩ ወደ ጀርባ ወይም ወደ ወገብ ይሄዳል፤ ቱቦው በትከሻ ዞሮ ንፋሱን ለጠመንጃው ያደርሳል። እጅ ላይ የሚቀረው ቀላል ነገር ነው።

ሁለተኛው ጥቅም በተለይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለሚጠቀሙት ነው። ይህ ጋዝ ሲሊንደር ውስጥ በፈሳሽነት ይቀመጣል። ጠመንጃው ሲያዘነብል ፈሳሹ እንዳለ ወደ ውስጥ ይገባና ከቀለም ጋር ውርጭ ያስተፋዋል። መሐል ላይ ረዘም ያለ ቱቦ ካለ ግን ፈሳሹ በመንገድ ላይ ወደ ጋዝነት ለመቀየር ጊዜ ያገኛል። ግፊቱም እንደ አገሩ ሙቀት ይለያያል። እንጦጦ ጠዋት 10 ዲግሪ ላይ 45 ባር ገደማ ሆኖ ያንቀላፋል፤ 21 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 58 ይወጣል። ከ31 ዲግሪ በላይማ ምንም ያህል ቢታመቅ ፈሳሽ ሆኖ መቀመጥን እምቢ ይላል። ከሚሴ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች፣ በሙቀት ወራት ቀትር ላይ ያ ሲሊንደር የሚያድርበትን ቁጣ መገመት ይቻላል። እኛም በዚያ ሰዓት ከቤት አንወጣም።

ቱቦውን ይዘን ባለሙያ ዘንድ ሄድን። ሰፈራችን ያለው ጎሚስታ ጫፎቹን አገላብጦ አየና ስንት ባር እንደሚችል ጠየቀ።

«የእኔ የታመቀ አየር ስለሆነ ሲሊንደሩ ላይ ሦስት መቶ፣ አያ። መቀነሻ ስላለው በቱቦው የሚያልፈው ሃምሳ አምስት ገደማ ነው።»

ለከባድ መኪና ጎማ ስምንት፣ ለባጃጅ ሁለት ባር ይበቃል። ጎሚስታው ከአሥር በላይ የማይዘልቀውን ኮምፕረሰሩን፣ ጎረቤት በልጁ የፈተና ውጤት ሲመጻደቅበት ሰው የራሱን ልጅ በሚያይበት ዓይን አየው። ከዚያ ግን ክብሩን መለሰ። «ያው ነው» አለ። «ከባዱ ይቀመጣል፣ ቀላሉ ይሄዳል።»

ትክክል ነው፤ ኮምፕረሰሩን አቅፎ ከጎማ ጎማ የሚዞር ጎሚስታ የለም። ኮምቦልቻ የድራፍት ቤቶች ውስጥም የጋዙ ሲሊንደር ከባንኮኒ ሥር ተደብቆ ቢራውን በቱቦ ይገፋል ይላሉ፣ ያዩ ሰዎች። ይሁንና የቱቦው የዘር ሐረግ ሲቆጠር ከኮምፕረሰርም ይርቃል። ቀጥቃጭ ቤት ይደርሳል።

ወናፍ ሁለት የፍየል ቆዳ አቁማዳ ነው። በግራና በቀኝ እጅ እየተፈራረቁ ይከፈታሉ፣ ይደፈቃሉ፤ አንዱ ሲሞላ ሌላው ስለሚያወጣ ትንፋሹ አይቋረጥም። ንፋሱ በሸክላ አፍንጫ በኩል ፍሙ ውስጥ ይገባል። ቆዳ እሳት አጠገብ አይቀመጥምና ራቅ ብሎ ይተነፍሳል፤ ወደ እሳቱ የሚላከው ንፋሱ ብቻ ነው። ቀጥቃጩ መዶሻና ጉጠት ይዟል፣ እጅ የለውም፤ ስለዚህ ወናፉን የሚነፋው ብዙ ጊዜ ልጅ ነው። ማረሻው ተሠርቶ ሲወጣ የሚመሰገነው ቀጥቃጩ ነው። የነፋውን ልጅ የሚያስታውሰው ክንዱ ብቻ ነው።

ንፋስ ወደ ጦር ሜዳ የዘመተው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1780 ገደማ የኦስትሪያ ጦር ባርቶሎሜዎ ጂራርዶኒ የሠራውን የአየር ጠመንጃ ታጠቀ። ባሩድ አይፈልግም፣ ጭስ የለውም፣ 20 ያህል ጥይት በተከታታይ ይተኩሳል። ንፋሱ የሚታመቀው ሰደፉን በተካ የብረት ዕቃ ውስጥ ነበር፤ ማለትም የዛሬው ፔይንትቦል ተጫዋች ክንዱን የሚያሳምመው ያው አቀማመጥ ነው። ሉዊስና ክላርክ የአሜሪካን ምዕራብ ሲያስሱ የአየር ጠመንጃ ይዘው ነበር፤ በየደረሱበት እየተኮሱ የአገሩን ሰው አስደንቀውበታል። አድካሚው ሙሌቱ ነበር። አንዱን የብረት ዕቃ በእጅ ፓምፕ ለመሙላት 1,500 ጊዜ ያህል መግፋት ይጠይቅ ነበር። የእኛ ባጃጅ ነጂ ሠላሳ ጊዜ ገፍቶ ወገቤን ይላል።

ንፋስን አርቆ አስቀምጦ በቧንቧ መላክ በትልቁ የታየው ደግሞ ተራራ ሲበሳ ነው። በፈረንሳይና በጣሊያን መካከል ያለው የፍሬዡስ ዋሻ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1857 ተጀመረ፤ ርዝመቱ ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በእጅ መዶሻ ዕድሜ ሊፈጅ ሆነ። የእንፋሎት ሞተር ዋሻ ውስጥ ቢያስገቡ ጭሱ ሠራተኛውን ይጨርሳል። ዠርሜን ሶመዬ የተባለው መሐንዲስ በውሃ ኃይል የሚሠሩ ኮምፕረሰሮችን ከዋሻው ውጭ ተከለ፤ ንፋሱን በቧንቧ ሰዶ ከ1861 ጀምሮ መሰርሰሪያዎቹን አንቀሳቀሰበት። መሰርሰሪያው የሚተፋውን ንፋስ ሠራተኞቹ ተነፈሱት፤ አንዱ ቧንቧ ድንጋይ በስቶ ሳንባም አበላ። ዋሻው በመስከረም 1871 ሲመረቅ ሶመዬ አልነበረም፤ ሐምሌ ላይ ሞቶ ነበር። ከከሚሴ አዲስ አበባ በሄድን ቁጥር በወረራው ዘመን ጣሊያኖች ያስበሱትን የጣርማበር ዋሻ እናልፋለን። እዚያ ውስጥ ስገባ መብራት ያላበራውን ሹፌር ከመራገም አልፌ የበሱትን ሰዎች ማሰብ የጀመርኩት በዚህ ቱቦ ሰበብ ነው።

ከዚህ ሁሉ የገባኝ ይህ ነው፦ ቱቦ ክብደትን አያጠፋም፤ አድራሻ ይቀይርለታል። ቀጥቃጩ ሲቀለው ልጁ ይከብደዋል። የኦስትሪያው ወታደር ያለ ጭስ የሚተኩሰው አንድ ሰው አስቀድሞ 1,500 ጊዜ ስለገፋ ነው። በአክስቴ ልጅ ላይ ደግሞ ሸክሙ ከእጁ ወደ ጀርባው ነው የተዛወረው። አሸካሚውም ተሸካሚውም ራሱ ስለሆነ የሚከሰው ሰው አጣ።

የቀለም ጠመንጃው ራሱ ከየት መጣ? አክስቴ ከወታደር የመጣ ነበር የመሰላት። የመጣው ግን ከከብት ነው። ኔልሰን የተባለው የሚሺጋን ቀለም ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ኔልስፖት 007 የተባለውን የቀለም ሽጉጥ ሲሸጥ ደንበኞቹ ደን ሠራተኞችና ከብት አርቢዎች ነበሩ። ደን ሠራተኛው ከገደል ማዶ ያለውን ዛፍ፣ አርቢው ከመንጋው የሚለየውን ላም ከሩቅ ሆኖ ይቀባበታል። 12 ግራም ጋዝ የያዘች ትንሽ ቀፎ ትበቃው ነበር። የባቲን የሰኞ ገበያ ለሚያውቅ ሰው ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ አፋሩ፣ ኦሮሞውና አማራው ከብቱን አምጥቶ በሚቀላቅልበት ሜዳ የገዛኸው ፍየል ያንተ መሆኑን የሚመሰክርልህ ጀርባው ላይ ያለው ቀለም ነው። የእኛ ነጋዴ ግን በጣቱ ይቀባል፤ ለንፋስ አይከፍልም።

ሽጉጡ ወደ ሰው የዞረው በክርክር ነው። ቻርልስ ጌይንስ የተባለ ደራሲና ሄይስ ኖኤል የተባለ የአክሲዮን ነጋዴ፣ ጫካ ውስጥ የሚያዋጣው የከተማ ሰው ነው ወይስ የገጠር ሰው ብለው ተከራከሩ። ቦብ ገርንዚ ከተባለ ሦስተኛ ሰው ጋር ሆነው ጨዋታ አበጁና እ.ኤ.አ. ሰኔ 27 ቀን 1981 በኒው ሃምፕሸር፣ ሄኒከር በምትባል ከተማ 12 ሰዎች የከብት መቀቢያውን ሽጉጥ እየያዙ ጫካ ገቡ። ከአራት ቦታ ባንዲራ ሰብስቦ ሳይቀባ የወጣ ያሸንፋል። ከዚያ በኋላ ነው ጨዋታው የተስፋፋው፤ ተጫዋቹ ብዙ መተኮስ ሲያምረው ቀፎዋ አነሰችው፣ ሲሊንደር መጣ፤ ሲሊንደሩ ከበደው፣ ቱቦ መጣ።

ያን ቀን ያሸነፈው ሪቺ ዋይት የሚባል የደን ባለሙያ ነበር። በዛፎቹ መሐል ለመሐል ኮቴውን አጥፍቶ ሄዶ አራቱንም ባንዲራ ሰብስቦ ወጣ። አንድም ጥይት አልተኮሰም።

ይህን ለአክስቴ ስተርክላት ሁለተኛውን ቡና እየቀዳች ነበር። ረከቦቱ ላይ ሲኒውን አስቀመጠችና ወደ ልጇ ዞረች።

«ታዲያ ቱቦ ከምታመጣልኝ ያንን ሰውዬ ብታመጣልኝ ምን ነበረበት?»