የአባባ ቮልስና የዲፍረንሻሉ ዘይት

ለዘንድሮው መጽሔታችን የክፍል ጓደኞቼ ስለ ሐይቃችን፣ ስለ ታቦር ተራራና ወደፊት ሊይዙት ስለሚመኙት ሙያ እንደሚጽፉ በሰማሁ ጊዜ፣ እኔ ማንም የማይሻማኝን ርእስ መረጥሁ፤ እርሱም ዘይት ነው። ወጥ የሚሠራበት ዘይት እንዳይመስላችሁ፤ የመኪና፣ ያውም የዲፍረንሻል ዘይት ነው። ስለዚህ የተከበራችሁ መምህራንና ወላጆች፣ እናንተም ጓደኞቼ፣ ጥቂት እንድትታገሡኝ እለምናለሁ።

አያቴ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1967 የተሠራ ቮልስዋገን አላቸው። እናቴ መንዳት የተማረችበት፣ እኔም ከተወለድሁበት ሐኪም ቤት ታቅፌ ወደ ቤት የመጣሁበት መኪና ነው። የዚህ ዓይነቱ መኪና ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተሠራ በኋላ የመጨረሻው ሐምሌ 23 ቀን 1995 ዓ.ም. በሜክሲኮ አገር ከፑዌብላ ፋብሪካ ወጣ። በአገራችን ግን ዛሬም ብዙ ወዳጆች ስላሉት ዋጋው እያደር ሄደ። በዚህም የተነሣ አጎቴ ከአዲስ አበባ ገዢ ፈልጎ አገኘ። አባባ ዐይናቸው ስለ ደከመ መንዳቱን ትተዋል፤ ቢሆንም ለመሸጥ ልባቸው አልፈቀደም። ማርሹ አልገባም እያለ እናቴን ያስቸግራት ነበርና፣ «ማርሹ እንደ ድሮው ከገባ ይቀመጣል፤ እምቢ ካለ ይሸጣል» ሲሉ ቈረጡ። ቀጥለውም ገንዘብ ቈጥረው ሰጡኝና «ዘይቱን አንተ ምረጥ፤ ትምህርት ቤት የምትውለው ለምንድን ነው?» አሉኝ።

ወደ ዘይት መሸጫው ሄጄ ሁለት ዓይነት ዘይት አየሁ። በአንዱ ላይ «ጂ ኤል 4» እና «90» የሚል፣ በሁለተኛው ላይ «ጂ ኤል 5» እና «140» የሚል ተጽፏል። 5 ከ4 ይበልጣል፤ 140ም ከ90 ይበልጣል ብዬ ሁለተኛውን ገዛሁ። ሻጩ ምንም አላሉኝም፤ ስሌቱ የራሴ ነው። የሒሳብ መምህሬ ይህን ሲያነቡ እንዳይስቁብኝ አደራ።

ዘይቱን ከቀየርሁ በኋላ ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ማርሽ ሲቀየር ብረት ከብረት ጋር ሲፋተግ የሚሰማ ጩኸት መጣ። እኔ ግን ዝም አልሁ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እናቴ «ይህ መኪና ባሰበት» ስትል፣ አባባም አንገታቸውን ደፍተው ሲሰሙ፣ እኔ እንጀራዬን እያየሁ ዝም አልሁ። አጎቴም ለገዢው ስልክ ደወለ።

ጭንቀቱ ሲበዛብኝ በቮልስ ሥራ ወደ ሸበቱ አንድ መካኒክ ዘንድ ሄድሁ። ጋሼ አልተቈጡኝም፤ መሬት ላይ በእንጨት ሥለው አስረዱኝ። መኪና ሲታጠፍ በውጭ በኩል ያለው ጎማ ረጅም መንገድ፣ በውስጥ በኩል ያለው አጭር መንገድ ይሄዳል፤ ሁለቱ በየራሳቸው ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅደው ዲፍረንሻል ነው። እንደ ላንድ ሮቨር ባሉት መኪናዎች ዲፍረንሻሉ ከካምቢዮው ተለይቶ የራሱን ዘይት ይዞ ይቀመጣል። ቮልስ ግን ሞተሩ ከኋላ ስለሆነ ካምቢዮውና ዲፍረንሻሉ በአንድ ቤት ውስጥ ሆነው አንድ ዘይት ይጠጣሉ። ችግሩም እዚህ ላይ ነው። ጂ ኤል 5 የሚባለው ዘይት እርስ በርሳቸው እየተንሸራተቱ በከባድ ጫና ለሚፋጩ የዲፍረንሻል ጥርሶች ታስቦ ድኝና ፎስፎር ያለበት ቅመም በብዛት የተጨመረበት ነው። ለብረቱ ጥርስ ጋሻ ነው። በካምቢዮው ውስጥ ግን የማርሾቹን ፍጥነት የሚያስማሙ የናስ ቀለበቶች አሉ፤ እነዚህ ሥራቸው ይዞ ማቆም ነውና ዘይቱ ከመጠን በላይ ሲያንሸራትታቸው መያዝ ያቅታቸዋል፤ ቅመሙም ናሱን ሊጎዳው ይችላል። ለዲፍረንሻሉ የሚስማማ፣ ካምቢዮውን ግን የማይጎዳ ዘይት ያስፈልጋል ማለት ነው፤ እርሱም ጂ ኤል 4 ነው።

ስለ ቁጥሩም ያልጠበቅሁትን ነገሩኝ። የካምቢዮ ዘይት ቁጥርና የሞተር ዘይት ቁጥር በአንድ ሚዛን የሚለኩ አይደሉም፤ 90 የተባለው የካምቢዮ ዘይት ውፍረቱ ከ40 ወይም ከ50 ቁጥር የሞተር ዘይት ብዙ አይለይም። 140 ግን ለእኛ አየር ከመጠን በላይ ወፍራም ነው፤ ጠዋት ሳይሞቅ ማርሹን የሚያስቸግረው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ያን ዕለት ማታ ለአባባ ሁሉንም ነገርኋቸው። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ቈዩና «ሦስት ሳምንት?» ብቻ አሉ። በዘይቱ አልነበረም ያዘኑት፤ ገባኝ። ለክፍላችን ጉዞ ያጠራቀምሁትን ገንዘብ አውጥቼ ጂ ኤል 4 ባለ 90 ቁጥር ገዛሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ዘይቱ ሞቆ በደንብ እንዲወርድ እናቴ መኪናውን እስከ አሞራ ገደል ነድታ መለሰችው፤ ከዚያም ብሎኖቹን ፈታን። ጋሼም መጥተው ነበር። ከብሎኖቹ ማግኔት ላይ ጥቍር ጭቃ የመሰለ የብረት ብናኝ አገኘን፤ ይህ የተለመደ ነው አሉ። ዘይቱን ግን በጣታቸው አሽተው ለፀሐይ ሲያሳዩት ቢጫ ብልጭልጭ ታየ። «ማግኔት ያልያዘው ይህ ናስ ነው። የሦስት ሳምንት ሥራ ብቻ አይደለም፤ የብዙ ዓመት ነው» አሉኝ። ልቤ ትንሽ አረፈ፤ ሙሉ በሙሉ ግን አይደለም።

አዲሱን ዘይት በጎን ቀዳዳው ስሞላ አንድ ሊትር ያህል እንደ ገባ ወደ ውጭ ፈሰሰ። ብሎኑን ላነሣ ስል አባባ ከወንበራቸው ላይ ሆነው «ስንት ገባ?» አሉ።

«አንድ ሊትር ያህል ነው አባባ፤ ሞልቶ እየፈሰሰ ነው።»

«አልሞላም። 2 ሊትር ተኩል ይጠጣል። በየጥርሱ መካከል አልፎ እስኪወርድ ጊዜ ስጠው፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች።»

እውነትም ጥቂት ቈይቼ ባፈስስ ገባ፤ እንደገና ቈይቼ ባፈስስ ገባ፤ 2 ሊትር ተኩል ሆነ። ባይናገሩኝ ኖሮ ግማሽ ሳይሞላ ዘግቼው ነበር።

ከሰዓት በኋላ በሻሸመኔ መንገድ ወጣን። ካምቢዮው ያለው ከኋላ ወንበር አጠገብ ስለሆነ እኔና አባባ ከኋላ ተቀመጥን። እናቴ ሦስተኛ ስታስገባ አንዳችን አልተነፈስንም። ገባ። ስትመለስ ሁለተኛው ግን ትንሽ ነከሰ፤ ያ ቀለበት አልቋል፤ በዘይት አይመለስም።

በሳምንቱ ገዢው መጡ። አባባ ቡና ከጋበዟቸው በኋላ ስለ ሁለተኛው ማርሽ ምንም ሳይደብቁ ነገሯቸው። ሰውየው ዋጋ ቀነሱ፤ አባባ ደግሞ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቮልሱም ከአቮካዶው ዛፍ ሥር ቀረ። አጎቴ እስከ ዛሬ አኩርፎኛል።

አባባ የመኪናው ዘይት በተቀየረ ቍጥር የሚጽፉበት አንድ አሮጌ ደብተር አላቸው። ጽሑፉ ስለማይታያቸው ለእኔ ሰጡኝና ቀኑን፣ የዘይቱን ዓይነትና ስንት ሊትር እንደ ገባ ጻፍሁ። ስዘጋው «ፊተኛውንስ ጻፍኸው?» አሉኝ። አልጻፍሁትም ነበር። ደብተሩን ከፍቼ ከላይ ባለው ባዶ መስመር ላይ፦ ጂ ኤል 5፣ 140 ቁጥር፣ ብዬ ስሜን ጨምሬ ጻፍሁ።