የፓሎ አልቶ ጋራዥና የደመወዝ ነገር

አንባቢ ሆይ! ከሳን ፍራንሲስኮ ወደ ደቡብ በባቡር ብትጓዝ በአንድ ሰዓት ያህል ጊዜ ፓሎ አልቶ ትደርሳለህ። በዚያም በአዲሰን ጎዳና፣ በ367 ቁጥር ቤት ጓሮ፣ አንዲት ትንሽ ጋራዥ አለች። ሂውሌትና ፓካርድ የተባሉ ሁለት ወጣቶች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1939 የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ ድርጅታቸውን በ538 ዶላር የመሠረቱባት ናትና የሲሊከን ሸለቆ የትውልድ ቦታ ትባላለች።

እኔም ከፊቷ የቆምኩት በማግሥቱ ለኮምፒዩተር ፕሮግራም ሥራ ከሚፈተን አብሮ አደጌ ጋር ነበር።

«ደመወዝ ስንት ይሁንልህ ቢሉህስ?» አልኩት።

«እነሱ እንደ ፈቀዱ» አለኝ።

አንተስ ብትሆን ከዚህ የተለየ ትመልስ ኖሯል?

የካሊፎርኒያ ሕግ ግን ሥራ ፈላጊውን ያግዛል። በዚያው አቆጣጠር ከ2018 ጀምሮ አሠሪ የቀድሞ ደመወዝህን እንዳይጠይቅ ተከልክሏል፤ ከ2023 ጀምሮም 15 ሠራተኛና ከዚያ በላይ ያለው ድርጅት የደመወዙን ዝቅተኛና ከፍተኛ ልክ በማስታወቂያው ላይ እንዲገልጽ ተገድዷል። ስለዚህ ማታውኑ ማስታወቂያውን አውጥተን ልኩን አጠናነው።

በፈተናው ቀን ወዳጄ በሰሌዳ ላይ ፕሮግራም ሲጽፍ፣ መልሱን ብቻ ሳይሆን አሳቡን ጭምር እየተናገረ አስረዳ። ሳምንት ቆይቶ የቀረበለት ደመወዝ ከዝቅተኛው ልክ ብዙም የራቀ አልነበረም። እርሱም አመስግኖ፣ የሥራ ልምዱን ዘርዝሮ፣ ጭማሪ በጽሑፍ ጠየቀ። ጨመሩለት፤ የተቀየመም የለም።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን እንጀራም አይገባበትም።