አሥራ ሁለት ማልያ

ልጄን ላርስ ኦሃዮ፣ ኮሎምበስ ሄጄ ስከርም ትልቁ የልጅ ልጄ የበረዶ ሆኪ አስለመደኝ። የእኛው ገና ነው፤ በረዶ ላይ በብረት ጫማ እየተንሸራተቱ ነው የሚመቱት።

ልቤን የወሰደው ኮከብ አልነበረም። ማይክ ሲሊንጀር ይባላል፣ ካናዳዊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1989 ዲትሮይት መረጠው፤ እስከ 2009 ድረስ ለ12 ክለቦች ተጫወተ። በእግር ኳስ ተጫዋቹ ካልተስማማ ዝውውር የለም። እዚያ ግን ውሉ ካልከለከለ በቀር ክለቦቹ ተነጋግረው ይለዋወጡታል፤ የእሱ ድርሻ ሻንጣ ማሰር ነው። ሲሊንጀርን ዘጠኝ ጊዜ ለወጡት። ሰነፍ እንዳይመስላችሁ፤ ከ1,000 በላይ ጨዋታ ተሰልፏል። ሁሉም ይፈልገዋል፣ ማንም አያስቀረውም።

ይህን ኑሮ አውቀዋለሁ። ሟቹ ባለቤቴ የባንክ ሠራተኛ ነበር። ደሴ፣ ጎባ፣ ነቀምቴ፣ ጅማ... ብርጭቆውን በጋዜጣ የጠቀለልኩት እኔ ነኝ። ልጄ አራት ትምህርት ቤት ቀያይራ አደገች። “አብሮ አደግ የለኝም” ትላለች እስከ ዛሬ።

አሁን ደግሞ ባሏ ሌላ ስቴት የተሻለ ሥራ አገኘ። እንሂድ፣ አንሂድ ሲባባሉ ያመሻሉ። እኔም ለማጽናናት የሲሊንጀርን ልጅ አነሳሁ። ኮል በ2003 የተወለደው አባቱ ለኮሎምበስ ሲጫወት እዚሁ ከተማ ነው። በሁለት ወሩ አባትየውን ለወጡት። በ2021 ግን ያው ክለብ ልጁን በመጀመሪያው ዙር መረጠው።

ልጄ ሕፃኑን እያስገሳች “እናቱስ ምን አለች?” አለችኝ።

አጥሚቱን አቀበልኳት።