ሰው የቆረጠው ቀይ ገደል

ወደ ሩሲዮን ስትሄዱ ነጭ አትልበሱ። ይህን ከማርሴይ ከመነሳታችን በፊት ለእታበባ ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ። «ነጠላ ሳልደርብ ሰው አገር ልዙር?» አሉኝና ነገሩ በዚያው ተቋጨ። እታበባ የእናቴ ታላቅ እህት ናቸው፤ ማርሴይ የምትኖረውን ልጃቸውን ሊጠይቁ ከአዲስ አበባ መጥተው፣ ሦስታችንም በልጃቸው መኪና ወጣን። ነጠላው እስከ ጥለቱ ቀልቶ ተመለሰ። እሳቸው «አፈር ነው፣ ይታጠባል» ብለው አለፉት። ይህ አፈር ለስንት ዘመን ግድግዳ ሲቀባ የኖረው አልለቅ ስለሚል መሆኑን ለመናገር ድፍረቱ አልነበረኝም።

ለማያውቀው ልንገር። ሩሲዮን በደቡብ ፈረንሳይ፣ ፕሮቫንስ ውስጥ፣ ከሉብሮን ተራራ በስተሰሜን ያለች ትንሽ የኮረብታ መንደር ናት። የተቀመጠችበት ኮረብታ ኦከር ነው፤ የብረት ዝገት ያቀለመው አሸዋና ሸክላ ማለት ነው። ቤቶቹም የተለሰኑት በዚያው አፈር ስለሆነ፣ ከሩቅ ሲታይ ገደሉ የት አብቅቶ ግድግዳው የት እንደሚጀምር መለየት ያስቸግራል። ከመንደሩ ጫፍ ጥቂት ዩሮ ተከፍሎበት የሚገባ የእግር መንገድ አለ። አጭሩ በግማሽ ሰዓት ግድም ያልቃል፣ ረጅሙ አንድ ሰዓት ግድም ይወስዳል። የእንጨት ደረጃና መደገፊያ ስላለው ጉልበታቸው የሚያማቸው እታበባም ቀስ እያሉ ወጡት።

ቀለሙን ቀይና ቢጫ ብሎ ማለፍ በደል ነው። ፈዛዛ ቢጫ አለ፣ ብርቱካናማ አለ፣ ዳማ አለ፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ አለ፤ በመሃል ደግሞ ጭራሽ ነጭ የሆነ ሽንትር ሰንጥቆ ያልፋል። በዚህ ሁሉ ላይ ጥቁር አረንጓዴ ጥድ ቆሟል። በዙሪያው ያለው የፕሮቫንስ መሬት በአብዛኛው የኖራ ድንጋይ ነው፤ ይህ ግን አሸዋማና አሲዳማ ስለሆነ ሌላ ዓይነት ተክል ያበቅላል። ጥቂት ኪሎ ሜትር ወዲያ የማይገኝ ቼስትነት የሚባል ዛፍ እዚህ ጥላ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

መሃል መንገድ ላይ እታበባ ቆሙ። ሰው ሁሉ ስልኩን ወደ ገደሉ አንስቶ ፎቶ ያነሳል፤ እሳቸው የገደሉን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች አዩት። «ይኼ እኮ ቁፋሮ ነው» አሉ። ልጃቸው «ኧረ እማዬ፣ ተፈጥሮ ነው» አለቻቸው። «ውሃ እንዲህ ቀጥ አድርጎ አይቆርጥም። ይኼን የቆረጠው ሰው ነው።» ባለቤታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ዕድሜያቸውን በድንጋይ ካባ ላይ የጨረሱ ሰው ነበሩ፤ እታበባ ካባ ሲያዩ ያውቃሉ።

ትክክል ነበሩ። ያ መንገድ የሚያልፈው በጫካ መሃል ሳይሆን በተዘጋ የሥራ ቦታ መሃል ነው። ቀጥ ያለው ገደል የካባው ግንብ ነው፤ ሜዳ የመሰለው ወለል ሰዎች ቆመው አፈር የጫኑበት ነው። ያን ቀን እኛን ጨምሮ ይተላለፍ የነበረው ሰው ሁሉ ግን ገዳም የገባ ያህል ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ ተፈጥሮ ድንቅ ያወራ ነበር። የሠራተኞቹን ታሪክ ያገኘነው ከመንደሩ ወጣ ብሎ ባለው በቀድሞው የማትዮ ፋብሪካ ነው። ፋብሪካው ከ1921 እስከ 1963 ኦከር ሲያጥብና ሲጠብስ ኖሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)፣ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። ጎብኚው ከገደሉ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። እኔ ግን ከሁለቱ አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ፋብሪካውን እመርጣለሁ።

አፈሩ እንዴት ቀለም እንደሆነ በአጭሩ ላንሳ። ከ100 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ ይህ አገር ከባሕር በታች ነበር። ባሕሩ ሥር የተከማቸው አሸዋ ግላውኮናይት የሚባል ብረት ያዘለ ማዕድን ስላለበት መልኩ አረንጓዴ ነበር። ባሕሩ ሸሸ፣ አየሩ ሞቃትና ዝናባማ ሆነ፣ ዝናቡም ለማይቆጠር ዘመን አሸዋውን እያጠበ ማዕድኑን ፈታው። የተፈታው ብረት ዛገ። ቢጫው ጎታይት ይባላል፣ ቀዩ ሄማታይት፤ ነጩ ሽንትር ካኦሊን የሚባል ሸክላ ነው።

ችግሩ ከካባው የሚወጣው አፈር አብዛኛው ተራ አሸዋ መሆኑ ነው። ንጹሑ ኦከር ከአሥር እጅ አንድ ወይም ሁለት እጅ ቢሆን ነው። በ1780ዎቹ ዣን ኤቲየን አስቲዬ የተባለ የሩሲዮን ሰው አሸዋውን በውሃ የመለየቱን ዘዴ ወደ ኢንዱስትሪ አሳደገው፤ የአገሩ ሀብት የተጀመረው ከዚያ ነው። አፈሩ ከውሃ ጋር ተደባልቆ በቦይ ይለቀቃል። አሸዋው ከባድ ስለሆነ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ቀለሙ ከውሃው ጋር እየተንሳፈፈ ሰፋፊ ገንዳ ውስጥ ይገባል። እዚያ ይተኛል። ሲዘቅጥ ከላይ የጠራው ውሃ ይለቀቃል፣ ገንዳው እንደገና ይሞላል፣ እንደገና ይዘቅጣል። የብርዱን ወራት እንዲህ ሲደራረብ ከርሞ ፀሐይ ሲወጣ ይደርቃል። ቡላ ሲወጣ ያየ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ ከተፋቀው እንሰት የተጨመቀው ውሃ ዕቃ ውስጥ ሲያድር ነጩ ታች ይተኛል፣ ውሃው ይደፋል። እታበባ ገንዳዎቹን ዞረው አይተው «የቡላ ሥራ ነዋ» ያሉት ከእኔ ቀድመው ነው።

ጭቃው ጠንከር ሲል በመስመር ተከፋፍሎ እንደ ጡብ ይቆረጥና ይደረደራል። ቀይ የሚፈለግ ከሆነ ቢጫው እቶን ይገባል፤ በ450 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲጠበስ በውስጡ የያዘውን ውሃ አጥቶ ወደ ቀይ ይለወጣል። ከዚያ ይፈጫል፣ ይነፋል፣ በርሜል ይሞላል። ባቡር አፕት ከተማ ከደረሰ በኋላ በርሜሉ በቀላሉ ማርሴይ ወደብ ይደርስና ወደ ዓለም ይጫን ነበር። የሚሄደው ለግድግዳ ቀለም ብቻ አልነበረም። የጎማ ፋብሪካዎች ከጎማው ጋር ይቀላቅሉት ነበር፣ ሊኖሊየም የሚባለው የወለል ምንጣፍ ሠሪዎችም ይገዙት ነበር። በ1929 ከዚህ አካባቢ የወጣው ኦከር 40,000 ቶን ገደማ ነው።

ከዚያ ወደቀ። መጀመሪያ የዓለም ኢኮኖሚ ቀውስ፣ ቀጥሎ ጦርነት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በፋብሪካ የሚቀመመው ርካሽ ቀለም ገበያውን ወሰደው። ዛሬ አፕት ያለ አንድ ድርጅት ብቻ ጎረቤት ካለችው ጋርጋስ እየቆፈረ ሥራውን ቀጥሏል።

በውድቀቱ ዘመን ሩሲዮን ምን ትመስል እንደነበር ሁለት የውጭ ሰዎች በየመንገዳቸው መዝግበውታል። አንዱ ሳሙኤል ቤኬት ነው። ፓሪስ ውስጥ ከጀርመን ወረራ ጋር በስውር ይታገል የነበረው ቡድኑ በ1942 ሲጋለጥ፣ ከባልደረባው ከሱዛን ጋር ሸሽቶ እዚህ ተደበቀ። በየእርሻው ጉልበቱን እየሸጠ አካባቢው ነፃ እስኪወጣ ድረስ ቆየ፤ «ዋት» የተባለውን ልቦለድም አብዛኛውን እዚሁ ጻፈ። በኋላ በፈረንሳይኛ በጻፈው «ጎዶን በመጠበቅ» ተውኔት ውስጥ ሩሲዮን በስሟ ትነሳለች፣ የምድሯ ቅላትም ይነሳል። ራሱ ወደ እንግሊዝኛ ሲመልሰው የመንደሯን ስም አወጣው፤ በእንግሊዝኛው ተናጋሪው ስሙ ጠፍቶበታል። ለምን እንዲህ እንዳደረገ ሊቃውንቱ ይከራከሩ። እኔ የሚታየኝ፣ ዛሬ ሰው ለሽርሽር የሚመጣበት ቅላት ለእሱ በጉልበት ሥራ የከረመበት ጭቃ መሆኑ ነው።

ሁለተኛው አሜሪካዊው ሎረንስ ዋይሊ ነው። በ1950 ቤተሰቡን ይዞ መጥቶ አንድ ዓመት ኖረ፤ በ1957 ባሳተመው መጽሐፍ መንደሯን «ፔይራን» በሚል የፈጠራ ስም ሸሸጋት። ያገኛት መንደር ብዙ ቤቶቿ ባዶ የቀሩ፣ ነገን የማታምን ነበረች። የፍራፍሬ ዛፍ ትከል የተባለ ገበሬ፣ ሌላ ጦርነት እየመጣ ለማን ብዬ የሚል ዓይነት መልስ ይሰጥ እንደነበር ጽፏል። ከ10 ዓመት በኋላ ተመልሶ ሲያይ ግን መንደርተኛው ዛፍ መትከል ጀምሮ ነበር። ዛሬ እነዚያ ቤቶች ገንዘብ ያለው ሰው ለበጋ ማሳለፊያ የሚገዛቸው ናቸው፤ የግድግዳቸውም ቀለም ከኦከሩ እንዳይወጣ ይጠበቃል።

ለጎብኚው የሚተረከው ግን ሌላ ነው። የጌታው ሚስት ባለ ቅኔ ወደደች፤ ባልየው ሰውየውን ገድሎ ልቡን በወጥ አስበላት፤ ስታውቅ ከገደል ተወረወረች፤ መሬቱም በደሟ ቀላ ይላሉ። በየፖስትካርዱ የምታገኙት ይህን ነው። ባለ ቅኔው ጊየም ደ ካቤስታኝ በእውነት የነበረ ሰው ነው፣ ታሪኩ ግን ከመጀመሪያው የተያያዘው ከስፔን ድንበር አጠገብ ካለው ሌላ ሩሲዮን ጋር ነው። በስም መመሳሰል ወዲህ ተሻገረ። እኔ ተረት አልጠላም፤ አካፋ ይዘው የቆረጡት ሰዎች ሳይነሱ ገደሉ በሙሉ ለአንዲት ወይዘሮ ደም መሰጠቱ ግን ይቆረቁረኛል።

ሙዚየሙ ሱቅ ውስጥ ዱቄቱ በየቀለሙ በማሰሮ ተደርድሮ ይሸጣል። እታበባ ዋጋውን ልጃቸውን አስጠይቀው ሲሰሙ ሳቁ። ልጅ ሳሉ ለበዓል ቤት ሲለቀለቅ ቀዩን አፈር ከወንዝ ዳር ቆፍረው በቅርጫት ያመጡት የነበሩት እሳቸውና እህቶቻቸው ናቸው፤ እናቴም ከነሱ አንዷ። የትኛው አፈር እንደሚሰነጠቅ፣ የትኛው ከእበት ጋር ሲቦካ ግድግዳ ላይ እንደሚይዝ ሱቁ ውስጥ ቆመው ሲያስረዱን፣ ሻጯ ቋንቋው ሳይገባት እጃቸውን እያየች ትሰማ ነበር።

በቀይ አፈር መጠቀም ደግሞ በአገራችን ከእታበባ ልጅነት በጣም ይርቃል። ድሬዳዋ አጠገብ ፖርክ ኤፒክ የሚባል ዋሻ አለ። በ1920ዎቹ መጨረሻ ለጥናት ያስተዋወቁት ሁለት ፈረንሳዮች፣ አንሪ ደ ሞንፍሬድና ቄሱ የቅሪት አካል ተመራማሪ ቴያር ደ ሻርደን ናቸው። ከዋሻው የወጣው ኦከር ተመዝኖ በ2017 የታተመ ጥናት ቁጥሩን ሰጥቶናል፦ 4,213 ቁራጭ፣ 40 ኪሎ ገደማ፣ ዕድሜው ወደ 40,000 ዓመት። የተፈጨበት ድንጋይም አብሮ ተገኝቷል። ለምን ፈጩት? ለቆዳ፣ ለገላ፣ ለጌጥ ሊሆን ይችላል። ሐመር ሴቶች እስከ ዛሬ ቀይ አፈርና ቅቤ ለውሰው ፀጉራቸውን ይሠሩበታል። አስቲዬ ቦዩን ከመቅደዱ በፊት ስንት እጅ ይህን ዱቄት እንደነካው ሳስብ፣ ሱቁ ውስጥ የተለጠፈው ዋጋ እኔንም እንደ እታበባ አሳቀኝ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ሩስትረል ነዳን። እዚያ ያለው ሰፋ ያለ ነው፤ «የፕሮቫንስ ኮሎራዶ» ይሉታል። ይህም ካባ ነበር፣ በአንዳንድ ቦታ አፈሩ የሚናደው በግፊት በሚረጭ ውሃ ነበር። «ሰሃራ» የሚባለው ሜዳ፣ «የተረት ጭስ መውጫ» የሚባሉት ቆመው የቀሩ ዓምዶች፣ ሁሉም ከዚያ ሥራ የተረፉ ናቸው። ዓምዶቹ አናታቸው ላይ ጠንካራ የብረት ቅርፊት ስላለ እንጂ እስከ ዛሬ ባልቆሙ፤ ቅርፊቱ ሲወድቅ ዝናቡ ይጨርሳቸዋል። የሰው እግርም ያግዘዋል። ስለዚህ መንገዱ ታጥሯል፣ ወጣ ብሎ መርገጥም አፈር ዘግኖ መውሰድም ክልክል ነው።

ደንቡ ተገቢ ነው፤ ግን ግራ ያጋባል። የሚጠበቀው ራሱ ሰው አፍርሶ የፈጠረው ነገር ነው። ቁፋሮው ሲቆም ጥዱ ወደ ወለሉ ወረደ፣ ዝናቡ ሹሉን ጫፍ አደነዘ፤ መሬቱ ወደ ቀድሞ መልኩ ልመለስ ሲል እኛ አጥር ይዘን መጣን። የእታበባ ልጅ ዝም ብሎ ይተው፣ ይፍረስ ትላለች። እኔ አጥሩ ይቆይ ባይ ነኝ፣ የካባ ሠራተኛ ሐውልት የሚሠራለት አገር ጥቂት ስለሆነ። እታበባ ከሁለታችንም ጋር አልተስማሙም። «ሥራ ያለው ከሆነ ይቆፈር» አሉ።

መሄድ ለምትፈልጉ፦ በአውቶቡስ አትድከሙ፣ መኪና ያለው ዘመድ ፈልጉ። ከፋብሪካው ጀምሩ፣ ከዚያ ገደሉን ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ እዩት። ዝናብ ሲጥል መንገዱ ይዘጋል፤ በበጋም የሰደድ እሳት ስጋት ካለ ጫካው ሊዘጋ ስለሚችል ጠዋት አጣሩ። ከተዘጋባችሁ ጋርጋስ ወዳለው የብሩዎ ማዕድን ሂዱ፤ በዶማ የተፈለፈለ፣ እስከ 15 ሜትር ከፍታ ያለው የመሬት ውስጥ አዳራሽ ነው፣ ኦከሩ ከቆመ በኋላ እንጉዳይ ሲበቅልበት ኖሯል። ውስጡ ይበርዳል፤ ጋቢ ያዙ፣ ነጭም ቢሆን።